የወጌሻው ትከሻ

አባቴ ሰው ሲጮህ ደስ ይለዋል። ለክፋት የተፈጠረ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ሥራው ያስለመደው ደስታ ነው። አቃቂ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ የቆርቆሮ በራችንን ገፍቶ እያነከሰ ወይም ክንዱን ታቅፎ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው «ጩህ እንጂ! ጩኸትህን ሰምቼ ነው ቦታውን የማገኘው» የሚል ድምፅ ነው። ሰውየውም ይጮሃል። ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዚያ አባቴ «ገባ!» ይላል። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ በአንድ አፍ «ተመስገን!» ይላሉ። ሥርዓቱ ይኼ ነው። «ገባ» ከተባለ በኋላ «ኧረ አሁንም ያመኛል» ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማን ደፍሮ ይላል?

ጋሼ ዱሬሳ ይሉታል። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የተወለደው አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ጤፍ ይዘራበት በነበረ ጊዜ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ የአጎቱ ጥጃ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ እግሯ ወለቀ፤ እሱ ጎትቶ መለሰው። ጥጃዋም ዳነች። በዚያች ጥጃ መዳን የተነሳ ስንት ሰው ፍዳውን እንዳየ ሳስብ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ምነው ያን ቀን በሞተች እላለሁ። ኋላ ከአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የጥጥ ቦንዳ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ። የሥራ ባልደረቦቹ ወገባቸውን ወይ ትከሻቸውን ባመማቸው ቁጥር በምሳ ሰዓት ቦንዳ ላይ አስተኝቶ ይጎትታቸው ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ። አንድ ቀን እንኳ አላዘነም፤ በማግሥቱ አናጢ ጠርቶ አግዳሚውን አሠራ።

ውሸት አልናገርም፤ የሚችለው ነገር አለ። የወለቀ ጣት፣ የወለቀ ክርን አምጡለት፤ እናንተ ቁጭ ሳትሉ መልሶት ያገኛችሁታል። እንዲህ ያለ እጅ እኔ የተማርኩበት ቦታም አላየሁም። ችግሩ ሁሉም ነገር የወለቀ ይመስለዋል። ለእሱ ሕመም ማለት አንድ ነገር ከቦታው መውጣቱ ነው፣ ሕክምና ማለት ጎትቶ መመለስ። የተቆጣ፣ የሳሳ፣ ያረጀ፣ ዕረፍት የጎደለው የሚባል ነገር አያውቅም። ሁሉም ወለምታ ነው። ከቂሊንጦ ፋብሪካዎች ፈረቃ ጨርሰው የሚመጡት ልጆች ቀኑን ሙሉ አንድ እንቅስቃሴ ሲደጋግሙ ውለው ትከሻቸው የዛለ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው መተኛት ነበር። እሱ ይጎትታቸዋል።

እኔንም ጎትቶኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ጣቢያው ውስጥ ከቆመ አሮጌ ፉርጎ ላይ ወደቅኩና ግራ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። እናቴ ነጠላዋን አንስታ «ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች።

«የዱሬሳ ልጅ ሐኪም ቤት?» አላት። «ነገ በዚህ በር ማን ይገባል?»

ግቢው በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። ሳበኝ። ጮህኩ። «ገባ!» አለ፤ «ተመስገን!» አሉ። በቀርከሃ አስሮ አርባ ቀን አቆየኝና ሲፈታው እጄ ወደ ውጭ ዞሮ ቀረ። ዛሬም እንደዞረ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን እጄን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ «ከእናቷ ሆድ እንዲሁ ነው የወጣችው» ይላል፤ እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁት።

ፊዚዮቴራፒ የተማርኩት በዚያ እጅ እልህ ነው። አሁን የምሠራው አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። በየቅዳሜው ልብሱን ላጥብለት፣ የሳምንት ወጡን ልሠራለት እመጣለሁ። በሩን ገፍቼ ስገባ «መጣች ላስቲክ ሳቢዋ!» ይልና ወደ አግዳሚው ይዞራል። «ልጄ አስቴር አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ተማረች። ምን እንደምትሠራ ታውቃላችሁ? ሰው ላስቲክ ይዞ እጁን እንዲያነሳና እንዲያወርድ ታዛለች። ይኼንንማ እዚህ አደባባይ ላይ ትራፊኩም ይሠራዋል!»

አግዳሚው ይስቃል። እኔ የልብስ ሳፋዬን ይዤ አልፋለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ሁሉ እየሰማሁ እንኳ አንድ ቀን «ጎበዝ» እንዲለኝ እፈልግ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ይህን ስታወራ ያሳፍራል። ግን ነበር፤ ከእጄ መጣመም ይልቅ የሚያመኝ ያ ፍላጎቴ ነበር።

አምና መስከረም ላይ ኮቱን ሲለብስ አየሁት። ቀኝ እጁን ወደ እጅጌው ሊከት ሞከረ፤ ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ፊቱን አጨማዶ ኮቱን ተወው። በቀጣዩ ቅዳሜ ከመደርደሪያ ላይ ቫዝሊኑን ሊያወርድ በግራው ተንጠራራ። በቀኙ ጎን መተኛትም እንደተወ ከፍራሹ አየሁ፤ አንዱ ጎን ብቻ ጎድጉዷል። አልጠየቅኩትም። ቢጠየቅ እንደማይናገር አውቃለሁ።

ይልቅ በዘዴ መረመርኩት። ውሃ የሞላ ጆግ መዳፉ ላይ አስቀምጬ «ክንድህን ሳታጥፍ፣ መዳፍህን ወደ ላይ እንዳደረግክ አቀብለኝ» አልኩት። ጆጉ ገና ደረቱ ጋ ሳይደርስ እጁ ተንቀጥቅጦ ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። የደረቀ ፎጣ ላቀብለው መስዬ ተጠጋሁና የትከሻውን ፊት ለፊት፣ አጥንቱ ላይ ያለችውን ቦይ በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ዘለለ። ግን አልጮኸም። የሰው ጩኸት የሚወደው ሰውዬ የራሱን ዋጠው።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የክንዳችን የፊት ጡንቻ፣ ልጆች ጉልበታቸውን ሊያሳዩ የሚያሳብጡት ማለቴ ነው፣ ከላይ በሁለት ጅማት ይያዛል። አንደኛው ረጅም ነው፤ ትከሻ አጥንት ላይ ባለች ጠባብ ቦይ አልፎ መጋጠሚያው ውስጥ ይገባል። ክንድ በተነሳ፣ በተሳበ፣ በተጠማዘዘ ቁጥር ያ ጅማት ቦዩ ውስጥ ይመላለሳል። አባቴ አርባ ዓመት የሰው እጅና እግር ሲጎትት፣ ከዚያ በፊት ቦንዳ ሲሸከም፣ ጅማቱ የጉድጓድ አፍ ላይ እንደሚታሽ ገመድ ሆነ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አበጠ፤ በእሱ ዕድሜ ደግሞ ክሩ መላላጥ ይጀምራል። የወጣ ነገር የለም፤ ስለዚህም የሚገባ ነገር የለም።

በዚያው ቅዳሜ ሰው ሲቀንስ ነገርኩት። «አባዬ፣ የፊተኛው ጅማትህ ተቆጥቷል። ለስድስት ሳምንት ሰው አትጎትት። ከትከሻህ በላይ ዕቃ አታንሳ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ ሩብ ሰዓት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ያዝበት። ጨጓራህን ሐኪም ይይልህና ለጥቂት ቀን መቆጣቱን የሚያበርድ ክኒን ትወስዳለህ። ሕመሙ ሲቀንስ እጅህን ቁልቁል አንጠልጥለህ ቀስ እያልክ ማወዛወዝ፤ ከዚያ እኔው በትንሽ በትንሹ ላበረታው እችላለሁ።»

«በላስቲክ» አለኝ።

«አዎ፣ በላስቲክ። ካልሻለህ ሐኪሙ መርፌ አለው። ብቻ እንዳይጎተት። የሳሳ ጅማት ከተጎተተ ይበጠሳል።»

«ወለምታ ነው» አለ። «ፈረቃ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ ስጎትት ነው ያወለመኝ። የራሴን አጥንት አንቺ ልትነግሪኝ?»

እዚህ ላይ ስለ ረሻድ መናገር አለብኝ። ረሻድ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ብስኩት የሸጠልኝ። በዚያው ሰሞን ትከሻውን እንደሚያመው ነገረኝ። የዘይትና የሳሙና ካርቶን ጣሪያው ሥር ይደረድራል፤ ቀኑን ሙሉ እየተንጠራራ ያወርዳል። በመዳፉ ሁለት ሊትር ዘይት አስይዤ ሞከርኩት፤ የአባቴው ሕመም ነበር፣ ገና በጅምሩ። ካርቶኖቹን ከወገቡ በታች እንዲያወርድ፣ ከራሱ ፍሪጅ የቀዘቀዘ የውሃ ፕላስቲክ በፎጣ ጠቅልሎ እንዲይዝበት ነገርኩት። ሸሚዝ ሲለብስ የታመመውን እጅ አስቀድሞ እንዲያስገባ፣ ሲያወልቅ መጨረሻ እንዲያወጣም አሳየሁት። ሦስት ሳምንት በትጋት አደረገው። እየተሻለው ነበር፤ ግን ቀስ እያለ፤ ረሻድ ደግሞ ቀስ የሚል ነገር አይወድም።

አባቴ ግን መጎተቱን ቀጠለ። ኅዳር ላይ በቀኙ ማንኪያ ማንሳት አቃተው። እኔ ነግሬው ነበር፤ እሱ ግን መፍትሔውን አግኝቷል። አንድ ቅዳሜ፣ አግዳሚው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ሳለ፣ ሰሌኑን ግቢው መሃል አነጠፈና ሸሚዙን አወለቀ።

«ወጌሻ ራሱን አይስብም» አለ፤ ሁልጊዜ የሚለው ደንቡ ነው። «ሌላ ወጌሻ ደጅ ደግሞ አልሄድም። እጅ በዘር ነው። ይቺ ልጅ ባትፈልግም እጁ አላት። ነይ አስቴር፣ ሳቢልኝ።»

«አልስብም» አልኩት። «ነግሬሃለሁ።»

«ነይ እያልኩሽ ነው።»

«ይበጠሳል አባዬ!»

ወደ አግዳሚው ዞረ። ፈገግ አለ። «ፈርታ ነው» አላቸው። «አትፍረዱባት። እጇ እኮ ጠማማ ነው። እናቷ እንዲሁ አድርጋ ነው የወለደችልኝ። ጠማማ እጅ ይዛ ሰው አቀናለሁ ብላ ዩኒቨርሲቲ የገባች እሷ ብቻ ናት።»

ሳቁ። ከመሃላቸው አንዷ ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እናቴ የሞተችው ያን እጅ እያየች ነው። ለእጄ አይደለም፣ ለእሷ ነው ደሜ የፈላው።

«ተኛ» አልኩት።

ተኛ። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን ብብቱ ውስጥ አስገባሁ። እንዴት እንደሚጎተት ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም፤ ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት። አንጓውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ክንዱ ፈርቶ እንደተኮማተረ፣ ጡንቻው እንደ ድንጋይ እንደጠጠረ ተሰማኝ። በዚህ ሁኔታ ሲጎተት ምን እንደሚሆን በሚገባ አውቃለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ማቆም እችል ነበር።

አላቆምኩም። መንጭቄ ሳብኩት።

ቷ አለ። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚለው። ድምፁ አግዳሚው ድረስ ተሰማ። የአባቴ ፊት ነጣ፤ ዓይኖቹ ለአፍታ ወደ እኔ መጥተው ቆሙ። ከዚያ ቁጭ አለና ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳው፤ ከደረቱ አለፈ፣ ከጆሮው አለፈ፣ ከራሱ በላይ ወጣ።

«ገባ!» ብሎ ጮኸ።

«ተመስገን!» አለ አግዳሚው።

ሕመሙ በእርግጥም ጠፍቶ ነበር። የተላላጠ ጅማት የሚያሠቃየው እየታሸ ሳለ ነው፤ ጨርሶ ሲበጠስ የሚታሽ ነገር አይኖርም። ጣት ሲያምህ ጣትህን መቁረጥ ማለት ነው። እሱ ግን ተነስቶ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና «ኢንተላ ኮ» አለኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ከፉርጎው ከመውደቄ በፊት ነበር። «አያችሁ?» አላቸው። «ጎበዝ! እጅ ማለት ይኼ ነው!»

ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ቃል እንደዚህ አድርጎ መጣልኝ። የልብስ ሳፋዬን አንስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። እዚያ ልብሱን በሁለቱም እጄ አሸሁት፤ በጠማማውም በደህናውም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ክንዱ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ጠበቀኝ። ጡንቻው ከላይ የሚይዘው አጥቶ ወደ ታች ተሰብስቦ፣ ከክርኑ ከፍ ብሎ እንደ ትርንጎ ተድቦልቦሏል። እሱ እጅጌውን ጠቅልሎ ለሁሉም ያሳየዋል። «እዩት፣ ጡንቻዬ እንደ ጎረምሳ ተመለሰ!» ይላል። ሰዎች እየነኩ ያደንቃሉ። «ልጄ ናት ያስገባችው» ይላል። ላስቲክ ሳቢ መባሌ ቀረ። ምሳ ስንበላ ከሥጋው እያነሳ ወደ እኔ በኩል ይገፋልኝ ጀመር።

እንዲህ ያለ ጅማት በእሱ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ሳይሰፋ ይተዋል፤ ሰው ይኖርበታል። ኑሮው በእጁ ከሆነ ግን ቶሎ የአጥንት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሳምንቱ በገፋ ቁጥር ጅማቱ ይሸሻል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሐኪሙም ሊይዘው የሚችለው ነገር ያጣል። ይህን አውቃለሁ። አንደኛው ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው ልነግረው ቆርጬ መጣሁ፤ በሩን ስገፋ «ኢንተላ ኮ መጣች!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳልኝ። ለእኔ ተነስቶልኝ አያውቅም። ዝም አልኩ። አራተኛው፣ አምስተኛው። ለአንድ ቃል ብዬ የአባቴን ክንድ ሸጥኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

እሱም ያጣውን መደበቅ ጀመረ። መዳፍን ወደ ላይ ማዞር ለእንዲህ ያለ ሰው ይከብደዋል። ቁልፍ ማዞር፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ ክዳን መክፈት ያቅተዋል፤ ትንሽ ሲሠራበት ጡንቻው ጨምድዶ ይይዘዋል። የቫዝሊኑን ክዳን በግራው፣ ዕቃውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ሲከፍት አየሁት። ሰው ሲጎትት ከእጁ ያመልጡት ጀመር። አንድ ቀን የአንዲትን ሴት ክርን አስተካክሎ ሳይዝ ለቀቀውና ጮኸች፤ ጩኸቱ ሲስባት ሳይሆን ክርኗ ሲያመልጠው የመጣ ነበር። «ገባ!» አለ እንደ ልማዱ።

በስድስተኛው ሳምንት ረሻድ መጣ። እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ ነው፤ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰው አለ፤ አንዱ ጉልበቱን በሻሽ ያሰረ ጥበቃ ነው፣ ሌላዋ አንገቷን የያዘች ነጋዴ። ረሻድ ሰላም ብሎ እንደጨረሰ ሸሚዙን መፍታት ጀመረ።

«ረሻድ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ያንቺ በረዶ ጥሩ ነው አስቱ፣ አልክድም። ግን ሦስት ወር ከምናምን ሆነኝ። ጋሼን በአንድ መሳብ አድነሻቸው የለም ወይ? ሠፈሩ ሁሉ ያወራል። እኔንም እንደሳቸው ሳቢኝና ልገላገል።»

አባቴ ከወንበሩ «ተኛ፣ ተኛ» አለው። «ሳቢለት አስቴር።»

ረሻድ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። ያስተማርኩትን አልረሳም፤ ሸሚዙን ሲያወልቅ የታመመውን እጅ መጨረሻ ላይ ነው ያወጣው። ይህ ሰው ያልኩትን ሁሉ አምኖ አድርጓል። አሁንም ሊያምነኝ ነው፤ ደግሞ ልበጥስበት ነው።

«አልስበውም» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፤ አግዳሚውም እንዲሰማ። «የአባቴ ትከሻ አልዳነም። የገባ ነገር የለም። ያን ቀን የሰማችሁት ድምፅ ጅማቱ ሲበጠስ ነው። የበጠስኩት እኔ ነኝ። እንደሚበጠስ እያወቅኩ ነው የሳብኩት። ሕመሙ የጠፋው ስለተበጠሰ ነው። ክንዱ ላይ ያበጠው የጎረምሳ ጡንቻ አይደለም፣ መያዣ አጥቶ የወረደው ነው። ረሻድ፣ ሸሚዝህን ልበስ።»

ጥበቃው ሰውዬ ጉልበቱን ማሸት አቆመ። እኔ አባቴ ይነሳል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለ፤ ከእኔና ከረሻድ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ተናገረ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ያን ድምፅ አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ሰው ቷ ብሎ ሕመሙ በአንዴ ሲጠፋለት ምን እንደሆነ አጥቼው ነው? እንደዚያ አድርጌ የላክኋቸውን ብቆጥራቸው ይኼ አግዳሚ አይበቃቸውም።»

«ታዲያ ለምን...»

«ሰው ተቀምጦ ነበራ!» አለ። ወደ ግራ እጄ ተመለከተ። «ያንቺም ጊዜ ሰው ቆሞ ነበር። አጥንቱ እንዳልገባ እጄ ነግሮኛል። እናትሽም ገብቷት ነበር። ገባ አልኩ።»

ሃያ አንድ ዓመት አለማወቁን እየማልኩለት፣ «ባያውቅ ነው እንጂ» እያልኩ ራሴን ስዋሽ ኖሬ ነበር። ይቅር ያልኩት በዚያች ብቻ ነበር።

አባቴ በተድቦለቦለው ክንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ስድስት ሳምንት ዝም ስትይ አደነቅኩሽ» አለ። «አሁን ነው ወጌሻ የሆንሽው ብዬ ነበር። መሳብማ ማንም ይስባል። የበጠሱትን ሰው ዓይን እያዩ ‹ገባ› ማለት ነው ሙያው። ያን ቀንም ጎበዝ ያልኩሽ ድምፁን ሰምተሽ ዓይኔን እያየሽ ዝም ስላልሽ ነው።»

ከዚያ ቀና ብሎ ወደ አግዳሚው ዞረና በሁልጊዜው ድምፁ «ልጅቷ ደክሟታል፤ ሥራ በዝቶባት ነው!» አለ።

ረሻድ ሸሚዙን አንስቶ ነበር። እጅጌውን ስላጣው ያገዝኩት እኔ ነኝ፤ የታመመውን አስቀድሜ፣ ደህናውን አስከትዬ። በሩ ጋ ስንደርስ «በረዶውን ልቀጥል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቀጥል» አልኩት። ሐዲዱን ተሻግሮ ሄደ።

ስመለስ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የቫዝሊኑን ዕቃ በሁለት እጁ ይዟል። ክዳኑን በቀኙ ሊያዞር ይሞክራል፤ አልዞር ብሎታል። ግንባሩ ላቦታል። ቀና ብሎ አየኝና ዕቃውን ወደ እኔ ዘረጋው። «ክፈቺልኝ» አለ።

እጆቼን አላነሳሁም። ሰው እያየ ነበር፤ ይይ አልኩ። ዕቃውን እንደዘረጋ ቆየ፤ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያ ትርንጎ ከቆዳው ሥር እየጨበጠ እየለቀቀ ይዘላል። አሁን ሁሉም ያዩታል፣ አሁን ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ወደ አግዳሚው ዞርኩ።

ያልኩትን ሁሉ ሰምተዋል። ሁሉን አይተዋል። አንገቷን የያዘችው ነጋዴ ከቦታዋ አልተነሳችም፤ እንዲያውም ተራዋ እንዳያልፍ ወደ ፊት ጠጋ አለች። ጉልበቱን ያሰረው ጥበቃ ግን እያነከሰ መጣና ዕቃውን ከአባቴ እጅ ተቀበለ።

«ይተዉት ጋሼ፣ እኔ እከፍትልዎታለሁ» አለው።

ክዳኑን ከፍቶ መለሰለት፤ ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን መፍታት ጀመረ።